ሰኔ 30ን የሚፈሩ ልጆች



ዛሬ የምናገርለት ልጅ በለሚና በአካባቢዋ ባለው በእያንዳንዱ ትምህርት ቤታችን አለ። አካሉ የተሟላ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ለሥራ የማይለግም ልጅ ነው። ከብት ሲያሰማራ አንዲት ጥጃ አትጠፋበትም። እንቁላል ሽጠህ ና ተብሎ ገበያ ቢላክ ሒሳቡን በቃሉ ሠርቶ፣ አንድ ብር ሳያጎድል ይመለሳል። ተረት አንዴ ከሰማ ለታናናሾቹ ሳያዛንፍ ይነግራል። መጽሐፍ ሲዘረጋለት ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ትናንት የለየው ፊደል ዛሬ እንግዳ ይሆንበታል። አንዲት መስመር ለመጨረስ ላብ ያጠምቀዋል፤ ጓደኞቹ ገጹን ሲገልጡ እሱ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ሲቆይ ስም ይወጣለታል። «ቀለም አልዘልቀው አለ» ይላሉ ቤተሰቦቹ። «ሰነፍ ነው» ይላል መምህሩ። ልጆቹ ደግሞ ከዚህ የከፋውን ይሉታል።

እኔ ዛሬ በብዛት የምናገረው ልጁ በልቡ ስለሚሸከመው ነገር ነው። ማንበብ ሲያቅተው ልጅ ይደክማል፤ የሚሰበረው ግን ሲያፍር ነው። ያን ሐፍረት ደግሞ ከማሕፀን ይዞት አልመጣም፤ እኛ ነን ያሸከምነው።

መጀመሪያ ችግሩ ምን እንደሆነ እንወቀው። ባለሙያዎች የመማር እክል የሚሉት፣ ልጁ በማሰብ ከእኩዮቹ ሳያንስ፣ በሚገባ እየተማረም ሳለ፣ ማንበቡ ወይም መጻፉ ወይም ሒሳቡ ለይቶ ሲያስቸግረው ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ሌላ ነገር ነው። የመማር እክል የሚመጣው አንጎል ድምፅን ከፊደል፣ ብዛትን ከቁጥር ጋር የሚያገናኝበት መንገድ ከብዙው ሰው የተለየ ሲሆን ነው። አብሮ ይወለዳል፣ በዘር ይሄዳል፤ አባትየው «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ» የሚሉት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የማንበቡ እክል ዲስሌክሲያ ይባላል፤ በብዛት የሚታየውም እሱ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋና ባህል ውስጥ ካሉ የትምህርት ዕድሜ ልጆች ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት አንዱ ዓይነት የመማር እክል እንዳለባቸው ይገልጻል። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ሦስቱ እነዚህ ናቸው። መምህራን፣ እነዚያን ሦስት ልጆች አሁን በዓይነ ሕሊናችሁ እያያችኋቸው እንደሆነ አልጠራጠርም።

ነገሩ አዲስ በሽታ አይደለም። ከዐድዋ ድል ስምንት ወር በኋላ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገሩ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጻፈ። ልጁ ፐርሲ ይባላል። ብሩህ፣ ፈጣን፣ በጨዋታ ከማንም የማያንስ ልጅ ነበር፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ቢያስተምሩትም ማንበብ አልቻለም። የራሱን ስም ሲጽፍ እንኳ ፊደሉን አቀያይሮ ይጽፈውና ስሕተቱ አይታየውም ነበር። ሐኪሙ ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ለዓመታት ያስተማረው መምህር፣ ትምህርት ሁሉ በቃል ብቻ ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የሚሆነው ይህ ልጅ ነበር ብሎ መስክሯል። ያ መምህር ልጁን በደንብ አይቶታል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ከሐኪሙ ይልቅ እሱ ነው።

«ይህ የእንግሊዝኛ ችግር ነው፤ የእኛ ፊደል እንደተጻፈ ይነበባል» የሚሉ መምህራን አጋጥመውኛል። ግማሹ እውነት ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት የኢጣልያ፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ አንባቢዎችን አንጎል አስተያይቶ፣ ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች በሦስቱም አገር በዚያው በአንድ የግራ አንጎል ክፍል ላይ ድካም እንደሚያሳዩ አገኘ። የተለያየው ውጤቱ ነው። እንደ ኢጣልያንኛ እንደተጻፈ በሚነበብ ቋንቋ ችግሩ የሚገለጠው ከስሕተት ይልቅ በዝግታ ነው። ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። ልጁ ፊደሉን እየለቀመ ትክክል ሊያነብ ይችላል፤ ነገር ግን መስመሩ መጨረሻ ሲደርስ የመስመሩ መጀመሪያ ከልቡ ወጥቷል። መምህሩም «ይችላል እኮ! ስለማያጠና ነው» ይላል። እንግዲህ ልጁ በማያውቀው ጥፋት ተከሰሰ ማለት ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ከ230 በላይ ቅርጽ ነው። ሰ ራሷ ላይ አንዲት ሰረዝ ስትጨመር ሸ ትሆናለች፤ የቀለበቷ ቦታ፣ የእግሯ መታጠፍ ድምፁን ይለውጠዋል። ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሀ ሁ ሂ ሲል ይህ ልጅ ከሁሉም በላይ ይጮኻል፤ ጆሮው ጎበዝ ስለሆነ ዜማውን ይዞታል። በዚያ ጩኸት ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ተደብቆ መክረም ይችላል። የጥንት የቄስ ትምህርት ቤት መምህሮቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ሀሁን በቃሉ ያንበለበለውን ልጅ ቁልቁል፣ አግድም፣ ከዚያም አቡጊዳ እያሉ የሚያስቆጥሩት፣ በዜማ የያዘውን በዓይኑም ይለየው እንደሆነ ለማየት ጭምር ነው። የዛሬው የአንደኛ ክፍል መምህር ይህን ዘዴ ቢወርስ ብዙ ልጆች አራተኛ ክፍል ሳይደርሱ ይታወቃሉ።

አሁን ወደ ልጁ ልብ እንግባ።

አንደኛ ክፍል ሲገባ ደስተኛ ነው። ደብተሩን አቅፎ ይተኛል። ሁለተኛ ክፍል ላይ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ሌሎቹ የሆነ ምሥጢር ተነግሯቸዋል፣ እሱ አልተነገረውም። ለማንም አይናገርም። ሦስተኛ ክፍል ላይ መደበቅ ይጀምራል፤ በመደበቅም ጥበበኛ ይሆናል። ከጎኑ ያለችው ልጅ ስታነብ አንቀጹን በቃሉ ይይዝና ተራው ሲደርስ ዓይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ ይወጣዋል። የማንበብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ጥቁር ሰሌዳ ለማጥፋት፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ጠመኔ ለማምጣት ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። መጽሐፉ ይጠፋበታል። ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል፤ እናቱ «አስመሳይ» ትለዋለች፣ ሆዱ ግን በእውነት ይቆርጠዋል፤ ፍርሃት የልጅን ሆድ ያማል። አራተኛና አምስተኛ ክፍል ሲደርስ መደበቂያው ያልቃል። የሳይንሱም፣ የኅብረተሰቡም ትምህርት በንባብ ሆነ፤ ስለዚህ ማንበብ ብቻ አቅቶት የነበረ ልጅ አሁን ሁሉም አቃተው።

ይኸኔ አንዳንዱ ወንድ ልጅ ተደባዳቢ ይሆናል። መምህራን እባካችሁ ይህን በጥሞና ስሙኝ። ተነሥተህ አንብብ ሲባል ጎረቤቱን የሚመታ ልጅ ባለጌ ሆኖ ላይሆን ይችላል። በሁለት ውርደት መካከል ተይዟል፤ ደደብ ከመባል ባለጌ መባልን መርጧል። ባለጌነት የክብር ጭላንጭል አለው፤ ልጆች ይፈሩታል፣ አንዳንዴም ያደንቁታል።

ስለ ሴት ልጆች ለየብቻ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ልጅቱ አትደባደብም። ጥጉን ይዛ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋም ጨዋነት ተብሎ ይመሰገናል። ዓመት ዓመትን እየተካ ማንም ሳይጠይቃት ታልፋለች። ከዚያ አንድ ቀን ቤት ውስጥ «ትምህርቱ ካልሆነላት ትዳር ትያዝ» ይባላል፤ ወይም አዲስ አበባ ሰው ቤት፣ ወይም ዐረብ አገር። ልጅቱ አትከራከርም። ለምን ትከራከራለች? «እኔ እንደሆነ አይገባኝም» ብላ ከወሰነች ቆይታለች። ከ18 ዓመት በታች መዳር በሕግ እንደሚያስጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን፤ የልጅቱ ዝምታ ከየት እንደመጣ ግን አንጠይቅም።

ከሁሉ የሚመረው ደግሞ በቤት ውስጥ ነው። ታናሽ እህቱ የደረሰችበት ቀን አለ። አንድ ክፍል ሲቀመጡ፣ ቀጥላም ስታልፈው፣ ማታ በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን አባቷ ጮክ ብላ እንድታነብ ሲያዝዟት፣ እሱ ከብት ለማሰር ይወጣል። የታላቅነት ክብሩን አጥቷል። «እስቲ እሷን እያት!» ስንል የምናበረታታው ይመስለናል፤ ለእሱ ግን በእህቱ ፊት የተፈረደ ፍርድ ነው።

ሰኔ 30ን እስቲ አስቡት። ለብዙዎቻችን ጣፋጭ ትዝታ ነው፤ ዩኒፎርም ታጥቦ፣ ፀጉር ተበጥሮ፣ ካርድ የሚታደልበት፣ ክረምቱ የሚገባበት ቀን። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት በስም ይጠራሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ። እሰየው! የለፋ ይሸለም። እዚያው ሜዳ ላይ ግን ከ60 ልጅ 58ኛ የወጣ አለ። ካርዱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከቶታል። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያስረዝማል፤ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ «ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋልና። ይህ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከሁለተኛዋም ከሦስተኛውም በላይ ሳይደክም አልቀረም። ሌላው በአንድ ንባብ የጨረሰውን እሱ አምስት ጊዜ ተመላልሶበታል። ልፋቱን የሚያሳይ ቦታ ግን ካርዱ ላይ የለም። ደረጃ ማን ከማን እንደቀደመ ይናገራል፤ ልጁ ባለፈው መስከረም የማያውቀውን ምን እንዳወቀ አይናገርም።

ይህን ስል ወላጆች ለምን እንደሚጨነቁ ሳልረዳ ቀርቼ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ከ840 ሺህ በላይ ተማሪ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር የሰማ አባት ልጁን ቢያጣድፍ አይፈረድበትም። ከጀማ ሸለቆ ዳር ስንቁን ተሸክሞ እየወጣ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ልጅ ወጪ የሚሸፈነው በእህልና በበግ ሽያጭ ነው። ገንዘቡም ተስፋውም እዚያ ላይ ነው ያለው። ነገር ግን ጥድፊያው መልኩን ይቀይርና ዱላ ይሆናል።

ዱላን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ወይም ከጭካኔ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከሠላሳ ዓመት በኋላም ማንበርከክና አርጩሜ ከክፍል ጨርሰው አልወጡም። ስላጠፋው ጥፋት የተቀጣ ልጅ ቢያንስ ለምን እንደተቀጣ ያውቃል፤ ነገ ሊያርመው ይችላል። ማንበብ ስላቃተው የተመታ ልጅ ግን የተመታው በተፈጠረበት ነገር ነው። ነገም ይመታል፣ ከነገ ወዲያም። እንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ነገር ይማራል፤ ምንም ባደርግ ለውጥ የለውም የሚለውን፣ ሰው አይረዳኝም የሚለውንም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማርቲን ሴሊግማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባው ጋር ባደረገው ምርምር፣ ማምለጫ በሌለው ቅጣት የተለማመደ ፍጡር በሩ ሲከፈትለትም ለመውጣት እንደማይሞክር አሳይቷል። ስድስተኛ ክፍል ላይ እርሳሱን አስቀምጦ በመስኮት የሚመለከተውን ልጅ ያየ መምህር ይህን ያስታውስ። በኋላ ሥራ ሲፈልግ፣ የቅጥር ማስታወቂያ ቦርድ ላይ ተለጥፎ ሌሎች ሲያነቡ ከጎናቸው ቆሞ የሚያዳምጠው ወጣት እሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ ለለሚ ከተማ ልጆች የሥራ ተስፋ ሲያመጣ፣ ይህ ወጣት ቅጽ እንዲሞላ እንዳይጠየቅ ሲል ብቻ ወደ ኋላ እንዲቀር አልፈልግም።

ሌላው መንገዳችን መድኃኒት ፍለጋ ነው። እናት ልጇን ይዛ ጠበል ብትሄድ እኔ የምቃወመው ነገር የለም፤ ጸሎት ልጁን አይጎዳውም፣ የእናቱን ፍቅርም ያይበታል። አብሾን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። አጤ ፋሪስ ከተባለው ዕፅ የሚዘጋጀው ይህ መጠጥ ለትምህርት ያነቃል ተብሎ በየዘመኑ ለተማሪ ሲሰጥ ኖሯል። አጤ ፋሪስ መርዝ ነው፤ ልብን ያናጋል፣ ያስቃዣል፣ ይገድላልም። ባይገድለው እንኳ ልጁ መድኃኒት ሲግቱት ምን ይረዳል? «ታምሜያለሁ፤ ራሴ ውስጥ የተበላሸ ነገር አለ» ይላል። መጠጡ ካለፈ በኋላ ይህ ሐሳብ አይለቀውም።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በግንቦት 11 በዓሉ ሲከበር እንሰማዋለን። በ505 ዓ.ም. አክሱም እንደተወለደ ይነገራል። አጎቱ አባ ጌዴዎን ዘንድ ለትምህርት ገባ፤ ዓመታት አለፉ፣ ትምህርቱ ግን አልገባው አለ። መምህሩ ገረፈው። ጓደኞቹ ዘበቱበት። ልጁ ሸሸ። መንገድ ላይ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ሲወጣ፣ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲደርስ አየ፤ ተመለሰ፣ ይቅርታ ለምኖ ትምህርቱን ቀጠለ፣ ተገለጠለት። ግእዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የተባሉትን ዜማዎች የሰጠን እሱ ነው።

ቅዱስ ያሬድ የመማር እክል ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ሥልጣኑም ማስረጃውም የለኝም። የምለው ስለ አሰማማችን ነው። ታሪኩን ለልጆች ስንነግር ትሉ ላይ እናተኩርና «እንደ ትሉ ታገል» እንላለን። እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆመው ከዛፉ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። አባቶቻችን ይህን ታሪክ ሲያቆዩልን ግርፋቱንም ሽሽቱንም አልሰወሩብንም። የአገሪቱ ታላቅ የዜማ ሊቅ አንድ ወቅት ከትምህርት ቤት በሐፍረት የሸሸ ልጅ ነበር። ባይመለስስ? የእኛዎቹ ሸሽተው ዛፍ ሥር የተቀመጡ ልጆች ሁሉ ትል አያዩም። ደግሞ «ታገል» የምንለው ልጅ ከማንም በላይ ሲታገል የኖረ ነው፤ ትግል አልጎደለውም። የጎደለው ሲመለስ ሌላ ዓይነት አቀባበል የሚያደርግለት መምህር ነው።

በዚህ ረገድ ከውጭ ከምንማረው በፊት በቤታችን ያለውን እንይ። የአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት አለው። ማታ ማታ ተማሪው ከበላዩ ካለው ተማሪ እየሰማ፣ እየደገመ፣ ውዳሴ ማርያሙን በቃሉ ይይዛል። ቅኔ በልብ ታስቦ በቃል ይዘረፋል። ዓይነ ስውራን ሆነው ቅኔና ዜማ ያስተማሩ ሊቃውንት በየደብሩ ነበሩ፣ አሁንም አሉ፤ ማንም ገጽ አላነበቡም ብሎ አልናቃቸውም፣ ተማሪው ከሩቅ አገር ተጉዞ እግራቸው ሥር ተቀምጧል። ታዲያ ዕውቀት በጆሮ ገብቶ በአንደበት እንደሚወጣ በሚያውቅ ሕዝብ መካከል፣ ዓይኑ እያየ ፊደል ያልያዘለት ልጅ ለምን ይዋረዳል? መልሱ ቀላልና አሳዛኝ ነው። የዓይነ ስውሩ ችግር ይታያል፣ የዚህ ልጅ አይታይም። የማይታየውን ችግር ጥፋት እንለዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ሁሉ የመማር እክል አለበት እንዳትሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አንድ ሦስተኛው የአገሪቱ ልጅ እክል የለበትም፤ ያቃተው ማስተማራችን ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ጦርነት መጣ፤ በክልላችን ብዙ ልጆች ዓመታት ባከኑባቸው። ሁለት ዓመት ከትምህርት የራቀ ልጅ ወደ ኋላ ቢቀር የሚያስፈልገው ያመለጠውን መልሶ ማስተማር ነው። ዓይኑንና ጆሮውንም አስቀድማችሁ አሳዩ። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ጆሮው ዓመት ሙሉ የሚመግል ልጅም ድምፅ አይለይም። እነዚህ ሁሉ ተጣርተው፣ በሚገባ ተምሮም፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ ፊደልና ድምፅ አልጋጠም ካለው፣ ያኔ የመማር እክል እንዳለበት እንጠረጥራለን።

ወላጅ ሲነሣ አገር እንደሚለወጥ ያየንበት ምሳሌ አለን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረው፤ ኦቲዝም ከመማር እክል የተለየ ነገር ነው፣ የእናትየው መንገድ ግን ያስተምረናል። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ከሰው ዓይን በሚሸሽግበት ጊዜ፣ እሳቸው ልጄ ይህ ነው ብለው አደባባይ ወጡ። በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። አቡጊዳ ፎኔቲክስ ብለው የሰየሙት የማስተማሪያ ዘዴያቸው የፊደላችንን ድምፆች መሠረት ያደረገ ነው። በ2013 ዓ.ም. በኮቪድ እስኪያርፉ ድረስ ስለነዚህ ልጆች ከመናገር አልተቆጠቡም። ያፈረች እናት ልጇን ትደብቃለች፤ የተደበቀ ልጅ ደግሞ እንደሚታፈርበት ያውቃል። ወይዘሮ ዘሚ ይህን ሰንሰለት በጠሱት።

ልጁ አድጎ ምን ይሆናል ለምትሉኝ፣ ከሃዋይ ደሴቶች በአንዷ፣ በካዋይ፣ በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን ኤሚ ቨርነርና ባልደረቦቿ እስከ ጉልምስናቸው ተከታትለዋቸዋል። ከእነሱ መካከል የመማር እክል የነበረባቸውም ነበሩ። በልጅነታቸው ብዙ ተሠቃይተዋል፤ ነገር ግን ከሠላሳ ዓመታቸው በኋላ ሲታዩ አብዛኞቹ ኑሯቸውን አቃንተው ተገኙ። የረዳቸው ምን ነበር? የሚኮሩበት አንድ ሙያ ወይም ችሎታ፣ እና ያመነባቸው አንድ አዋቂ ሰው፤ አያት፣ መምህር፣ ጎረቤት፣ የሃይማኖት አባት። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም።

ስለዚህ ለልጁ እውነቱን ንገሩት። በስምንት በዘጠኝ ዓመቱ ይገባዋል። «ፊደል ሲከብድህ አይቻለሁ። ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም። እንዳንተ ያሉ ብዙ ናቸው። ጊዜ ይወስድብሃል እንጂ ትማራለህ፤ እኔ አብሬህ ነኝ።» ይህን ከአባቱ ወይም ከመምህሩ አፍ የሰማ ልጅ ትከሻው ሲቀልለው በዓይን ይታያል። ብቻ የምትሉትን እመኑበት፤ ልጅ ሽንገላን ያውቃል። ማንበብም በእርግጥ ይማራል። ድምፅን ነጥሎ ማሰማት፣ ፊደሉን በአሸዋ ላይ በጣት ማስጻፍ፣ እየጻፉ ድምፁን ማስጠራት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ደጋግሞ። በዓለም ላይ ለእነዚህ ልጆች የሚሠራው ዘዴ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ አሸዋና ትዕግሥት ደግሞ ለሚ ውስጥ አይጠፉም።

መምህራን ሆይ፣ ልጁን ሳታስጠነቅቁ በክፍል ፊት አታስነብቡት። ማንበብ ካለበት ማታውን ንገሩትና ሦስት መስመር ተለማምዶ ይምጣ። የሳይንስ ጥያቄውን አንዳንዴ በቃል ጠይቁት፤ የሚመልስላችሁ ያስገርማችኋል። በፈተና ጊዜ ጨምሩለት። ርዕሰ መምህራን፣ ከኋላ የወጡትን ልጆች ደረጃ በሰው ፊት አታስነብቡ፤ ለወላጅ ለብቻ ይነገር። በሰኔ ስትሸልሙ ለልፋትና ለመሻሻልም ሽልማት ይኑር።

አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የአካቶ ትምህርት ስልትም አላት። ወረቀቱ ለሚ የሚደርሰው ግን መምህር ሲሠለጥን ነው። ደብረ ብርሃን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፣ ዩኒቨርሲቲም አለ፤ ሩቅ አይደሉም። የወረዳችን የእንሳሮ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከእነሱ ጋር ተነጋግሮ በእያንዳንዱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢያንስ አንድ የመጀመሪያ ክፍሎች መምህር የመማር እክልን መለየትና መርዳት እንዲሠለጥን እንዲያደርግ በእናንተ ፊት እጠይቃለሁ። ወላጆችም በወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ አንሡ። እስከዚያው ግን ልጁ ማንበብ ያቃተው ወላጅ ሁሉ ነገ ጠዋት ልጁን ይዞ ወደ መምህሩ ይሂድ፤ መምህሩም ቁጣውን ትቶ ሁለቱን ያስቀምጥና የትኛው ፊደል ላይ እንደቆመ አብረው ይመልከቱ።